ስለ ፍራሽ ስፖንጅ አመራረጥ



በጠፍር አልጋ ላይ ቁርበት፣ በመደብ ላይ አጎዛ እየተነጠፈለት ያደገ፣ ወይም በደጋን በተነደፈ ጥጥ ፍራሽ ላይ የተኛ ወገናችን፣ ዛሬ በካልጋሪ ከተማ ኑሮውን መሥርቶ፣ የተዘጋጀውን ፍራሽ ትቶ ስፖንጅ በልክ በማስቆረጥና በመደራረብ መኝታውን በገዛ እጁ ሊያሰናዳ ቢነሣ፣ አስቀድሞ የሚመለከተው ውፍረቱን ነው፤ ቀጥሎም በመዳፉ ጫን ጫን ያደርግና ለስላሳውን ለምቾት፣ ጠንካራውን ለዕድሜ ይመርጣል። ነገር ግን መዳፍ የሚመሰክረው ስለ ዛሬው ብቻ ነው።

ስፖንጁ ከዓመታት በኋላ ይጎድጉድ ወይም ይጽና እንደሆነ የሚያመለክተው እፍግታው ነው፤ ይኸውም አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው ስፖንጅ የሚመዝነው ክብደት ማለት ነው። በካናዳ ሻጮች ይህን በኪዩቢክ ጫማ ስንት ፓውንድ እያሉ ሊናገሩት ስለሚችሉ፣ አንዱን ፓውንድ 16 ኪሎ ግራም ያህል አድርጎ ማስላት ይበቃል። ጥንካሬው ግን ሌላ ባሕርይ ነው፤ አራት ኢንች ውፍረት ያለውን ስፖንጅ ተጭኖ ሩቡን ያህል ዝቅ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል በፓውንድ ተለክቶ አይ ኤል ዲ በሚባል ቍጥር ይጻፋል፤ 15 ያህል የሆነው ልል፣ ከ35 በላይ የሆነው ጽኑዕ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ባየር እ.ኤ.አ. በ1937 መሠረቱን ከጣለው ከፖሊዩሬቴን የሚሠራውን ስፖንጅ፣ ፋብሪካው ቀላሉን ጽኑዕ፣ ከባዱንም ልል ሊያደርገው ይችላልና፣ ገንዘብ ያነሰው ሰው ከውፍረቱ ይቀንስ እንጂ ከእፍግታው ባይቀንስ እመክራለሁ።

የታችኛው ንጣፍ ተሸካሚ ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት፣ ከ32 ኪሎ ግራም ያላነሰ እፍግታ ቢኖረው መልካም ነው። የላይኛው፣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው፣ በጎን ለሚተኛ ሰው ትከሻውና ዳሌው ጥቂት እንዲሰምጡለት ልል ይሁን፤ ከዚህ ሲበዛ ግን ወገብ ወደ ታች ይጎብጥና አከርካሪ አጥንት ሌሊቱን ሁሉ ይደክማል። ከአገር ቤት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ አረጋዊት እናትማ፣ ዕድሜያቸውን በመደብ ከኖሩ በኋላ በጥልቅ ልስላሴ ላይ ቢያስተኟቸው፣ ለጸሎት በሌሊት ሊነሡ ሲሹ እጃቸውን የሚያስደግፉበት ጽኑዕ ነገር ያጣሉ፤ ለእርሳቸው የላዩን ንጣፍ ማሳነስ ፍቅርም ማስተዋልም ነው።

ሜሞሪ ፎም የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ በተደረገ ምርምር ለአውሮፕላን መቀመጫ የተፈለሰፈው ስፖንጅ፣ በሙቀት የሚላላ፣ በብርድ የሚደርቅ ነው። የካልጋሪ ክረምት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስበት ወራት ከመኪና ወርዶ የገባ እንደሆነ ድንጋይ ይመስላልና፣ በሞቀ ክፍል ውሎ አድሮ ሳይላላ አይፈረድበት፤ በቀዝቃዛ ቤዝመንት ለሚተኛ ሰው ግን ሌላ ዓይነት ብንመርጥለት ይሻላል። የዛፍ ጎማ የሆነው ላቴክስ፣ የደንሎፕ ኩባንያ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1929 የሠሩት ዓይነት፣ ዋጋው ቢከብድም ብርዱን የተሻለ ይቋቋማል።

በቤዝመንት ደግሞ ፍራሹ በሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አይነጠፍ፤ ከሰውነት የሚወጣው እንፋሎት ስፖንጁን ዘልቆ ከቀዝቃዛው ወለል ሲደርስ ወደ ውሃነት ይለወጥና ሻጋታ ያበቅላል፤ ስለዚህ ነፋስ የሚያሳልፍ የጣውላ ርብራብ ያስፈልገዋል።

ንጣፎቹን በማጣበቂያ ማያያዝ አያሻም፤ ቀድሞ የሚያልቀው የላይኛው ስለሆነ፣ ሳይጣበቅ ከተቀመጠ እርሱን ብቻ ለውጦ ሌላውን ማቆየት ይቻላል። ባልና ሚስትም ክብደታቸው የተለያየ እንደሆነ የላዩን ንጣፍ ለሁለት ከፍሎ ለየራሳቸው የሚስማማውን ማኖር ይቻላል። ሽፋኑ ዚፕ ያለውና እንደ ሹራብ የሚለጠጥ የጥጥ ጨርቅ ይሁን፤ የማይለጠጥ ጨርቅ ተወጥሮ ከተሰፋ ልሉን ንጣፍ ያጠነክረዋልና፣ ለላይኛው ስፖንጅ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ይሆናል።