ወደ ግሸን ለሚጓዙ አባሎቻችን የተደረገ ንግግር



በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከመካከላችን ብዙዎች ግሸን ማርያምን ለመሳለም ይነሳሉ። መሳለሙ መልካም ነው። ነገር ግን እድር እንደ መሆናችን መጠን ሰው በደኅና ሄዶ በደኅና እንዲመለስ ማሰብም ግዴታችን ነውና፣ መንገዱን ለማያውቁት ጥቂት ልናገር።

ንግሡ መስከረም 21 ቀን ነው። ግሸን በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል የሚገኝ፣ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች በግዞት ይቀመጡበት የነበረው ማንም እንደ ልቡ የማይወጣው የማይወርደው ስለሆነ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመንም ግማደ መስቀሉ እንዳረፈበት ይታመናል። እንግዲህ ለእስረኛ የከበደ ገደል ለመንገደኛም ይከብዳል።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ደሴ ማደር ይበጃል። ከዚያ ግሸን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ቁጥሩን ሰምታችሁ «ቅርብ ነው» አትበሉ፤ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ በንግሡ ሰሞን ደግሞ መኪናው ብዙ ነው። የመጨረሻው ዳገት በእግር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ሳትነሱ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሐይቅ እስጢፋኖስን ለመሳለም ያሰባችሁ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም፤ አብረው የሚሄዱ ባልና ሚስት ይህን አስቀድመው ይወቁ።

ስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጋቢ፣ ብርድ ልብስና የዝናብ ላስቲክ ያዙ። የማያንሸራትት ጫማ፣ ምርኩዝ፣ ባትሪና የሚጠጣ ውኃም አይረሳ። ዳገቱን በእልህ አትውጡት፤ እያረፋችሁ ውጡ። ደረቱን የጨነቀው ሰው ወዲያው ይቁም፣ ለጓደኛውም ይንገር። ግፊያ ባለበት የልጅ እጅ አይለቀቅ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ መድኃኒታችሁን በኪሳችሁ ያዙ እንጂ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትውጡ። ስለ ጾሙም ሐኪማችሁንና የንስሐ አባታችሁን ሳትጠይቁ አትሂዱ።

አሁን ወደ እድራችን ጉዳይ ልምጣ። የሚጓዝ አባል የሚነሳበትንና የሚመለስበትን ቀን፣ የቅርብ ዘመዱን ስምና ስልክ፣ የሚወስደውን መድኃኒት ለጸሐፊያችን አስመዝግቦ ይሂድ፤ ይኸንኑም በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይያዝ። አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቢወድቅ፣ ማን እንደሆነ የሚናገርለት ያች ወረቀት ናት። «መንገደኛ ፊት ሞት አይነሳም» ትሉኝ ይሆናል። እድር ስለዚህ ካልተነጋገረ ማን ይነጋገር? ቤተሰብ ወሬ አጥቶ ቀናት ከሚጨነቅ አንድ ወረቀት መጻፍ ይቀላል። ቁልቢ ለሚሄደውም፣ ለሐጅ መካ ለሚጓዘው ሙስሊም ወንድማችንም ሥርዓቱ ያው ይሁን እላለሁ።

ሄዳችሁ በደኅና ተመለሱ።