ቃሊቲ ላይ ሜዳሊያ ቢገኝ

ሰላም፦ ቃሊቲ ውስጥ የቤት መሠረት ሲቆፈር አሮጌ ሜዳሊያ ቢወጣስ፣ ዳዊት?

ዳዊት፦ መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን ፈልጊ። ፲፱፻፳፫ ካለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው፤ ፲፱፻፵፰ ካለ የዘውዱ 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ።

ሰላም፦ የፈረንጅ ጽሑፍ ቢኖረውስ?

ዳዊት፦ ያኔ ጣሊያን ይጠረጠራል። ፋሺስቶች ከጥቅምት 1915 የሚነሳ የራሳቸው ዘመን ነበራቸው፤ በሮማ ቁጥር ይጽፉታል። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ በእነሱ 14ኛው ዓመት ነው።

ሰላም፦ አምስት ዓመት ያህል ለቆየ ግዛት ሜዳሊያ! እሺ፣ በሎሚና በአመድ ልወልውለው?

ዳዊት፦ ኧረ ተዪ! ስሱ ፊደል አብሮ ይጠፋል። ይልቅ ጠርዙን እዪ፤ ሳንቲም ሳይሆን ሜዳሊያ ከሆነ ብዙ ጊዜ የማንጠልጠያ ጆሮ ወይም የስብራቱ ምልክት ይኖረዋል። ቀዳዳ ብቻውን አያታልልሽ፤ ማርትሬዛ የሚባለው የብር ገንዘብም ተበስቶ አንገት ላይ ይታሰር ነበር።

ሰላም፦ ከዚያ ለሽያጭ ወደ መርካቶ?

ዳዊት፦ አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅና እንዳለ እንዲጠብቀው ያዛል።