ገመና ጠባቂው ሙያ፦ በሶሻል ወርክ ዲግሪ ውስጥ የመስክ ልምምድ ስፍራ



በሶሻል ወርክ ትምህርት ክፍል የተመደቡ ተማሪዎች ከቤተሰባቸው ደጋግመው የሚሰሙት ጥያቄ አለ። «ሰው ለመርዳት ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ጥያቄው በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ዕድር በሚቀብርበት፣ ዕቁብ ከችግር በሚያወጣበት፣ ደቦ አቅም ያጣውን ገበሬ ሰብል በሚሰበስብበት፣ አራስ በጎረቤት ገንፎ በምትጠነክርበት ሀገር፣ አራት ዓመት ተምሮ የሚመጣ ሰው የሚጨምረው ምንድን ነው? ዛሬ ልመልስ የምሞክረው ይህንን ነው።

ጥያቄው በሀገራችን ታሪክም ተነሥቶ ያውቃል። የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ከየካቲቱ አብዮት በኋላ ግን ተዘጋ። በዘመኑ አስተሳሰብ የማኅበራዊ ችግር ሥሩ የመደብ ሥርዓቱ ስለሆነ፣ ሥርዓቱ ሲለወጥ ችግሩም አብሮ ይነቀላል ተብሎ ይታመን ነበር። ትምህርቱ እንደገና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የቺካጎው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጄን አዳምስ የሶሻል ወርክ ኮሌጅ ተባባሪ ነበር። በመካከሉ ባለፈው የአንድ ትውልድ ዘመን ሀገራችን የ1977ቱን ረኃብ፣ ጦርነትን፣ መፈናቀልንና የኤችአይቪን ወረርሽኝ አሳለፈች። ሸክሙን በአብዛኛው የተሸከሙት ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ ዕድርና የሃይማኖት ተቋማት ናቸው። ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ለመደገፍ ከቀብር ሥራቸው አልፈው የሄዱ ዕድሮች ብዙ ነበሩ።

እንግዲህ ሕዝቡ ያለ ባለሙያ ይህን ያህል ከሠራ፣ ባለሙያው ለምን ያስፈልጋል? መልሴ «ገመና» በሚለው ቃላችን ውስጥ ይገኛል።

የዕድር ብርታት ሁሉም ሰው የሚያየውን ችግር አብሮ መሸከሙ ነው። ሞት አይደበቅም፤ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል። የማይለፈፍ ችግር ግን አለ። ባሏ የሚደበድባት ሴት የዕድሩ ዳኛ የባሏ አጎት ከሆኑ ችግሯን ለማን ትናገር? በዘመድ ቤት ያለች ልጅ በዚያው ቤት ብትደፈር፣ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ልጁን በጓዳ የሚያውል አባት ምክር ቢሻ፣ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ሰው ዘንድ መሄድ ራሱ አደጋ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምንለው እውነት ነው። ነገር ግን መቅረቡ ራሱ አፍ የሚያስይዝበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ከዝምድናውም ከሐሜቱም ውጭ የቆመ፣ የሰማውን የሚይዝ፣ በሰማውም ነገር ተጠያቂ የሚሆን ሰው ነው። ሶሻል ወርክ የዕድር ምትክ አይደለም። ዕድር በማይገባበት ጓዳ በፈቃድና በሥርዓት የሚገባ ሙያ ነው።

ገመና መጠበቅ ዝም ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዲግሪ ባላስፈለገው ነበር። ባለሙያው በመጀመሪያ ሳይፈርድ ማዳመጥን ይማራል። «አንቺስ ምን ብትይው ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአፉ እንዳይወጣ ራሱን ይገራል። ሁለተኛ፣ የምስጢር ወሰን የት እንደሆነ ይማራል። ሕፃን ወይም ሌላ ሰው አደጋ ላይ ሲሆን ዝምታ ታማኝነት መሆኑ ይቀራል፤ ስለዚህ ይህ ወሰን ለባለጉዳዩ ከመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል። ሦስተኛ፣ መጻፍን ይማራል። ያየውን ከገመተው፣ ባለጉዳዩ ያለውን ራሱ ከደመደመው ለይቶ የሚያሰፍር መዝገብ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሰው ዕድል ይወስናል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ሐሳብ አለመሆኑን ለማሳየት የጉዲፈቻን ነገር ላንሣ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የቤተሰብ ሕጉን አሻሽላ ለውጭ ሀገር ዜጎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን አስቀርታለች። ከዚያ ወዲህ ከወላጆቹ ጋር መኖር ያልቻለ ልጅ ቤተሰብ ሊያገኝ የሚገባው እዚሁ ነው፤ ከዘመድ፣ ከአደራ ቤተሰብ ወይም ከሀገር ውስጥ ጉዲፈቻ። ቃሉን የወሰድንበት የኦሮሞ ጉዲፈቻ ሥርዓት እንደሚመሰክረው፣ የሰውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ የማሳደግ ባህል ከሕጉ በፊት ነበረን። ሆኖም ሊወስዱት የመጡት ሰዎች ልጅ እንጂ የቤት ሠራተኛ አለመፈለጋቸውን ማን ያጣራል? ልጁን ብቻውን የሚያነጋግረው፣ ከስድስት ወር በኋላ ቤቱን የሚያንኳኳው ማን ነው? ደግነት በር ይከፍታል፤ ከተከፈተው በር ኋላ ያለውን አይቶ የሚመዝን ግን የሠለጠነ ዓይን ነው።

ያ ዓይን በንግግር አዳራሽ አይገኝም። በዓለም ላይ የመስክ ልምምድ የሶሻል ወርክ ዲግሪ ምሰሶ ተደርጎ የሚታየው ስለዚህ ነው። በአሜሪካ የሙያው ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ምክር ቤት ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል። በእንግሊዝ ደግሞ ለክህሎት ሥልጠና የሚውሉትን 30 ቀናት ጨምሮ 200 ቀናት ይጠየቃሉ። የሰዓቱ ብዛት ግን ብቻውን ምንም አይፈይድም። ተማሪው ቢሮ ተቀምጦ ደብዳቤ ሲያደርስና ፋይል ሲደረድር የሚያልፍ 400 ሰዓት የተላላኪነት ልምምድ ነው። ልምምድን ልምምድ የሚያደርገው፣ ተማሪው በየሳምንቱ የሠራውን ይዞ በመስክ ተቆጣጣሪው ፊት መቀመጡና «ይህን ለምን ጠየቅህ? ያን ለምን ሳትጠይቅ ቀረህ?» መባሉ ነው።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጊዜ ሲያጥርና በጀት ሲጎድል መጀመሪያ የሚቆረጠው የመስክ ልምምዱ አይሁን፤ ንድፈ ሐሳብን ኋላ ማንበብ ይቻላል፣ የመጀመሪያውን የቤት ለቤት ጉብኝት ያለ መሪ ማድረግ ግን ተማሪውንም ባለጉዳዩንም ይጎዳል። ሁለተኛ፣ በወረዳ፣ በሆስፒታልና በሕፃናት ማሳደጊያ ተማሪዎቻችንን የሚቀበሉ ባለሙያዎች በትርፍ ሰዓታቸው እንደሚያገለግሉን አስበን በምስጋና ወረቀት ብቻ አንሸኛቸው፤ ሥልጠናም ተገቢ ክፍያም እንስጣቸው። ሦስተኛ፣ ተማሪው የሚመዘነው በሪፖርቱ ውፍረት ሳይሆን፣ የባለጉዳዩን ማንነት ጠብቆ በሚያቀርበው አንድ ጉዳይ አያያዝ ይሁን።

እናንት ተማሪዎች ሆይ፣ ብዙዎቻችሁ ይህን የትምህርት ክፍል በመጀመሪያ ምርጫችሁ እንዳልሞላችሁት አውቃለሁ። ሆኖም ነገ አንድ ሰው ለእናቱ እንኳ ያልነገረውን ለእናንተ ይነግራችኋል። ያን ጊዜ የትምህርት ክፍሉን በስንተኛ ምርጫ እንደሞላችሁት አይጠይቃችሁም፤ የነገራችሁን መያዝ ትችሉ እንደሆነ ብቻ ይመለከታል። ቤተሰቦቻችሁ ዲግሪው ምን ያደርጋል ብለው ሲጠይቋችሁ፣ «እናንተ የምታውቁትን ደግነት አይተካም፤ የሰው ገመና የሚያዝበትን ሥርዓት ያስተምራል» ብላችሁ መልሱላቸው። መልሱን እውነት ማድረግ ደግሞ የእኛ የመምህራኑ ዕዳ ነው።