ቺሌሐውስ፤ በሐምቡርግ ወደብ የሚገኝ የአንድ የንግድ ቤት ታሪክ

(በታሪክ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ታሪክ እንድናገር ሲፈቀድልኝ፥ ቤተ መንግሥት ወይም ካቴድራል እንደምመርጥ የገመታችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኔ የመረጥሁት ግን የነጋዴዎችን ጽሕፈት ቤት ነው። ንጉሥ ያልኖረበት፥ ደብዳቤ የሚጻፍበትና ሒሳብ የሚደመርበት ቤት ነው። ይሁን እንጂ የዚህን ቤት ገንዘብ ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ሰው፥ ጥያቄው ውቅያኖስ አሻግሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ በረሃ ድረስ ይወስደዋል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ሐምቡርግ በሰሜን ጀርመን በኤልበ ወንዝ ዳር የተሠራች ከተማ ናት። ከባሕር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ብትገኝም፥ ታላላቅ መርከቦች ወንዙን ይዘው እስከ ደጃፏ ስለሚደርሱ ከአውሮፓ ዋና ዋና ወደቦች አንዷ ለመሆን በቅታለች። በመካከሏ ጠባብ መንገድና የተፋፈገ ቤት የሞላባቸው የድኾች ሰፈሮች ነበሩ። በ1892 ከወንዙ እየተቀዳ ሳይጣራ ይጠጣ በነበረው ውሃ ምክንያት ኮሌራ ገብቶ ከ8,600 የሚበልጥ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ ወዲህ አሮጌዎቹ ሰፈሮች እየፈረሱ፥ በአንዱ ሰፈር ላይ «ኮንቶርሐውስ» የሚባሉ ሰፋፊ የጽሕፈት ቤት ሕንፃዎች ተሠሩ። ቡናውና ቅመማ ቅመሙ በውሃው ዳር ባሉት መጋዘኖች ሲከማች፥ ወረቀቱ የሚሠራው በእነዚህ ቤቶች ነበር። ቤት የፈረሰባቸው ድኾች ግን ማደሪያቸውን በሌላ ስፍራ መፈለግ ነበረባቸው።

ከእነዚህ ሕንፃዎች ስመ ጥሩው ቺሌሐውስ ነው፤ በእኛ ቋንቋ «የቺሌ ቤት» ማለት ነው። ያሠራው ሄንሪ ብራረንስ ስሎማን የተባለ ነጋዴ ነበር። ይህ ሰው በ1848 የተወለደ ሲሆን፥ በ1869 ገና በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ። ለሌሎች ተቀጥሮ ብዙ ዓመት ከሠራ በኋላ የራሱን የናይትሬት ማዕድን ከፈተ። በ1898 ወደ ሐምቡርግ ሲመለስ እጅግ የበለጸገ ሰው ነበር።

ናይትሬት የምለው የምንበላውን አሞሌ ጨው እንዳይመስላችሁ። በአታካማ በረሃ፥ ዝናብ ከስንት ዓመት አንድ ጊዜ በሚጥልበት ምድር፥ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚገኝ ነጭ ጨው ነው። በእርሻ ላይ ሲበተን ማዳበሪያ ይሆናል፤ ከሌላ ነገር ጋር ሲቀመም ደግሞ ፈንጂ ይሆናል። ስንዴ ለማብቀልም ሰው ለመግደልም የሚፈለግ ዕቃ ስለሆነ ገበያ አላጣም። ቺሌ ከፔሩና ከቦሊቪያ ጋር ከ1879 ጀምሮ የተዋጋችው በዚሁ በረሃ ምክንያት ሲሆን፥ ቦሊቪያ የባሕር በሯን ያጣችው ያን ጊዜ ነው። ጨዉን ለማመላለስ የሐምቡርግ የመርከብ ባለንብረቶች ታላላቅ ባለሸራ መርከቦችን አሠሩ፤ እነዚህም በማዕበሉ የታወቀውን የኬፕ ሆርንን ባሕር እየዞሩ ይመላለሱ ነበር። ከእነርሱ አንዷ በ1911 የተሠራችው «ፔኪንግ» በ2020 ወደ ሐምቡርግ ተመልሳ ለመታያ ቆማለች።

አሁን ድንጋዩን ስለሚቆፍሩት ሰዎች ልናገር። ሠራተኛው ድንጋዩን በፈንጂ አፍርሶ፥ በበቅሎ ጋሪ አስጭኖ ወደ መፍጫው ይልካል። በዚያም ጨዉ በታላላቅ የብረት ጋን ይፈላል፤ እግሩ ስቶ ከፈላው ውሃ የወደቀ ሠራተኛ ተቀቅሎ ይሞታል። ደመወዙን በብዙ ማዕድን ቤቶች የሚቀበለው በመንግሥት ገንዘብ ሳይሆን «ፊቻ» በሚባል ምልክት ነበር። ይህም ምልክት ከአሠሪው ሱቅ በቀር በሌላ ስፍራ እህል አይገዛም፤ ዋጋውን የሚቈርጠውም ያው አሠሪ ነው።

በታኅሣሥ 1907 በሺሕ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ከበረሃው ወርደው ኢኪኬ ወደምትባለው ወደብ ገቡ። የጠየቁትን ነገር አንድ በአንድ ስትሰሙት ትገረማላችሁ። ደመወዛችን ዋጋው በማይወድቅ ገንዘብ ይከፈለን፤ የሱቁን ሚዛን የምናመሳክርበት ሌላ ሚዛን ይቁምልን፤ በሚፈሉት ጋኖች ላይ የብረት ፍርግርግ ይደረግ፤ ደግሞም ማታ ማታ የምንማርበት ቤት ይሰጠን አሉ። ከዕለት እንጀራ ጋር ትምህርት ቤት ጠየቁ ማለት ነው። ያረፉትም ሳንታ ማሪያ በተባለ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ታኅሣሥ 21 ቀን ጄኔራል ሮቤርቶ ሲልቫ ሬናርድ ሠራተኞቹ ከዚያ አንወጣም ቢሉት በመትረየስ አስተኰሰባቸው። የሟቾቹ ቍጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አንዳንዱ በመቶ፥ አንዳንዱም ከ2,000 በላይ ያደርሰዋል።

የስሎማን ማዕድኖች ከኢኪኬ ወደ ደቡብ፥ በቶኮፒያ ወደብ በስተ ጀርባ የነበሩ ስለሆኑ፥ ይህን ደም በእርሱ ላይ ልጥል አልወድም። የናይትሬት ሀብት ከየት ይፈልቅ እንደ ነበር ግን ሳይነገር መቅረት የለበትም።

ወደ ሕንፃው እንመለስ። ሥራው በ1922 ተጀምሮ በ1924 ተፈጸመ። ጀርመን በጦርነት ተሸንፋ ገንዘቧ ከንቱ የሆነበት ዘመን ነበር፤ በኅዳር 1923 አንድ የአሜሪካ ዶላር 4 ትሪሊዮን 200 ቢሊዮን ማርክ ያወጣ ነበር። በዚህ ጊዜ ባለ 10 ደርብ ቤት ለመሥራት የደፈረ ሰው ድፍረቱን አለማድነቅ አይቻልም። ሥራውን የመራው ፍሪትስ ሄገር የተባለ፥ መጀመሪያ አናጢነት የተማረ ሰው ነው፤ ይኸው ሰው በኋላ የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል። ለሕንፃው 4,800,000 ያህል ጠቈር ያለ ጡብ ገብቶበታል፤ መስኮቶቹም 2,800 ያህል ናቸው። መሬቱ ሾጣጣ ስለ ነበረ ሄገር ይህን ጕድለት ውበት አደረገው። በምሥራቅ በኩል ሁለቱ ግድግዳዎች እንደ ስለት ተገናኝተው፥ ከታች ቆሞ ለሚያያቸው ሰው ማዕበል ቀዝፎ የሚመጣ የመርከብ ግንባር ይመስላሉ። በዚያው ጫፍ የቺሌ ምልክት የሆነው ኮንዶር የሚባለው ታላቅ አሞራ ተቀርጾ ተቀምጧል። እኔ ሥዕሉን ባየሁ ቍጥር ድንጋይ መሆኑን እረሳለሁ።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ መርከብ የተሠራው ጭነቱ ሊያልቅ ሲል መሆኑ ነው። ፍሪትስ ሐበር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1909 ከአየር ናይትሮጂንን ወስዶ አሞኒያ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ፤ ካርል ቦሽም ዘዴውን ለፋብሪካ አመቻችቶ በ1913 በኦፓው ሥራ ተጀመረ። (የኬሚስትሪ መምህራችን እንዲህ በአጭሩ በመናገሬ ይቅር ይበሉኝ።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የባሕሩን መንገድ ሲዘጉ የቺሌ ጨው ወደ ጀርመን መግባቱ ቀረ፤ ጀርመኖችም ማዳበሪያቸውንና ፈንጂያቸውን ከአየር አወጡ። ከጦርነቱ በኋላ ዘዴው ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ፤ የ1929 የንግድ ውድቀት ሲጨመርበት የበረሃው ሥራ ወደቀ፤ በዚያ የነበሩትም ብዙ ሰዎች ሥራ አጥተው ተበተኑ። ስሎማን በ1931 ሞተ።

ቤቱ ግን ቆመ። በ1943 ከአየር በወረደው ቦምብ በሐምቡርግ ከ30,000 በላይ ሰው ሲያልቅ ቺሌሐውስ ተርፏል፤ ዛሬም ጽሕፈት ቤት ነው። በ2015 ዩኔስኮ ከአካባቢው ሕንፃዎችና ከመጋዘኖቹ ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ2005፥ በዚያው መዝገብ ሁምበርስቶንና ሳንታ ላውራ የተባሉ ሁለት የቺሌ የናይትሬት መንደሮች ተጽፈዋል። በሁምበርስቶን ዛሬ የሚኖር የለም፤ ቲያትር ቤቱና ሱቁ ባዶአቸውን ቆመዋል፤ በትምህርት ቤቱም ውስጥ የተማሪዎቹ የእንጨት ወንበሮች ይታያሉ።