የአሮጌ ቆሻሻ ሒሳብ

የተቀበረ ቆሻሻን መልሶ መቆፈር የተጀመረው ለማገዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 የቴል አቪቭ ከተማ ከማከማቻው የበሰበሰውን እያስወጣ በወንፊት ያስነፋ የነበረው ለብርቱካን እርሻ ማዳበሪያ እንዲሆን ነው። ኃይል የመጣው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎስ ቨርዴስ በተባለው ማከማቻ ክምሩ ሳይነካ በቱቦ ሜቴን ጋዝ ተቀዳ። ርካሹ መንገድ ይህ ነው፤ ጋዙ ግን ብስባሹ ባለቀ ቁጥር እንደ ላም ወተት ይነጥፋል።

ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ከፔንሲልቬንያ፣ ከላንካስተር አውራጃ ነው። አውራጃው ቆሻሻ አንድዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ሠራ፤ ምድጃው ግን በአዲስ ቆሻሻ ብቻ አልጠገበም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ፍሬይ ፋርም የተባለውን ማከማቻ ቆፈሩ፤ በሚሽከረከር ወንፊት አበጥረው ከአዲሱ ጋር አቃጠሉት። ከወጣው 56 በመቶው ማገዶ፣ 41 በመቶው አፈር ሆነ፤ የማይነደው 3 በመቶ ተመልሶ ተቀበረ። አሮጌ ቆሻሻ አፈር ስለለበሰ ሙቀቱ ያንሳል፣ አመዱ ይበዛል፣ መሣሪያም ይበላል። ታዲያ ምን አተረፉ? መብራት መሸጡ ወጪውን ደገፈ፤ ዋናው ትርፍ ግን የተለቀቀው ቦታ ነው። ሌላ ማከማቻ የማዘጋጀቱ ወጪ ዘገየላቸው። ይህን ሥራ በኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚመዝን ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ግማሹን ሒሳብ ሳያይ ይፈርዳል።

አሁን ወደ አዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር፣ ወደ ቆሼ ልምጣ። በከተማዋ ቆሻሻ ውስጥ የሚበዛው እርጥብ የወጥ ቤት ትራፊ ነው። ፕላስቲኩንና ብረቱን እንጀራቸው ያደረጉት ሰዎች ይለቅሙታል። ስለዚህ ከሥር የቀረው ለእሳት አይመችም። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቆሻሻ አንድዶ ኤሌክትሪክ የሚሠራው የረጲ ማመንጫም የታሰበው በየዕለቱ ለሚመጣው አዲስ ቆሻሻ እንጂ ለአሮጌው ክምር አልነበረም።

ያ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ ከሥሩ ቤት የቀለሱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በጃፓን መንግሥትና በዩኤን ሀቢታት ድጋፍ የፉኩኦካ ዘዴ ገባ። ዘዴው በቱቦ አየር ወደ ክምሩ ያስገባል፤ አየር ባገኘ ብስባሽ ውስጥ ደግሞ ሜቴን ያንሳል። ለጋዝ ነጋዴ ይህ የተጣለ ገንዘብ ነው። ቤተሰብ ከሥሩ በሚያድርበት ክምር ላይ ግን አየሩን ማስገባቱ ትክክል ነበር እላለሁ፤ አንድ ሊትር ጋዝ ባይሸጥም።