ለማን ነው የምንጽፈው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራችን ስንገባ፥ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውም ሆነ ደጋው ላይ የሚቀረው አንድ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም የጎረቤት ማመልከቻ መጻፍ ነው። «ተምረሃልና ጻፍልኝ» የተባለው ተማሪ ብርዕ ያነሣና በክፍል የለመደውን ታላላቅ ቃል ይደረድራል። ሲነበብለት ባለ ጉዳዩ «እሰይ!» ይላል። ዳኛው ግን የእርሻው ድንበር የት እንደ ሆነ፥ ማን እንደ ገፋው፥ መቼ እንደ ተገፋ ከወረቀቱ ፈልጎ ያጣል። በጌጠኛ አማርኛ የሰው እርሻ ቀረ ማለት ነው።

የጣርማ በርን ጉም እንውሰድ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ ከፍታ፥ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ባስቈፈሩት ዋሻ አፍ ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና አይታይም። ለሹፌር «ጉም አለ፤ መብራት አብራ፤ ቀስ በል» ቢባል ይበቃዋል፤ ቁልቁለት ላይ ሐተታ የሚያነብ የለም። መንገዱን የሚጠግነው መሥሪያ ቤት ግን መታጠፊያውን፥ ሰዓቱን፥ የደረሰውንም አደጋ በዝርዝር ይፈልጋል። ለእናት የሚጻፍ እንደ ሆነ «በደኅና ገባሁ» ይቀድማል፤ ጉሙ ኋላ ይደርሳል።

አንኮበርን የምናውቅ ሁላችን የእኛ ሰው የምንላቸው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን ያውቁ ነበር። በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት የላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን በየቦታው ስም እየጠራ ይዘረዝራል፤ አንባቢው ካርታ ዘርግቶ የሚያይ ነውና። በ1888 ዓ.ም. መግቢያ ያወጁት የክተት አዋጅ ግን ለጆሮ የተሠራ ነው። የሚያነሣው አገርን፥ ሃይማኖትን፥ ሚስትንና ልጅን ነው፤ ጉልበት ያለውንም የሌለውንም ለየብቻው ይጠራል፥ ማንም «እኔን አይመለከተኝም» እንዳይል።

ነገር ግን ለአንባቢ ማስማማት ሌላ፥ አንባቢን ማታለል ሌላ ነው። በዚያው በጣርማ በር መንገድ ደሴን አልፎ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ውጫሌን ያገኛል። የ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣልያ ረዳትነት መጠቀም ይቻላቸዋል ይል ነበር፤ የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የተለወጠው ቋንቋው ብቻ ሳይሆን ነገሩ ጭምር ነበር፤ መጨረሻውም ዓድዋ ሆነ።

እንግዲህ በሚመጣው ዕረፍት ማመልከቻ የምትጽፉ ሁሉ፥ ከመፈረሙ በፊት ለባለ ጉዳዩ ቀስ ብላችሁ አንብቡለት። ያልገባውን ቃል ሰርዙ። ቀጥላችሁም «ዳኛው ምን እንዲያደርግልህ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን ራሱ በተናገረበት ቃል ከላይ፥ በመጀመሪያው መሥመር ላይ ጻፉት።