የቤት ቁጥር የሌላት ታማሚ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ደጃችሁ ላይ ቁጭ ብዬ መዝገብ ስሞላ ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ነርስ ነኝ። ሥራችን ቤት ለቤት ነው፤ ክትባት እንከታተላለን፣ ነፍሰ ጡሮችን እንጎበኛለን፣ የደም ግፊት እንለካለን፣ ሳል ያለበትን ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን። እንግዲህ «ቤት ለቤት» ከተባለ፣ ቤት የሌለውን በየት በኩል እናንኳኳለት?

ባለፈው ክረምት በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የምታድር አንዲት እናት ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳልለቀቃት ነገረችኝ። አክታዋ ሲመረመር ቲቢ ተገኘባት። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። እሷን የቸገራት ዋጋው አይደለም። መድኃኒቱን የት ታስቀምጠው? ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ በተኛችበትም ከነፌስታሉ ይወሰድባታል። ቀጠሮ ብታሳልፍ በማን ስልክ እንፈልጋት? ሕክምናውን ብታቋርጥ ደግሞ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል።

መላው የመጣው ከእኛው መካከል ነው። እዚያው አካባቢ ቡና የምታፈላ አባላችን «መድኃኒቱ እኔ ዘንድ ይቀመጥ» አለች። ጠዋት ጠዋት ሻይ ቀድታላት፣ ዓይኗ እያየ ታስውጣታለች። አንድ ቀን ከቀረች ወዲያው ይደወልልኛል። 6 ወሩ አለቀ፤ በመጨረሻው ምርመራ ድናለች።

ዛሬም ግን የምታድረው እዚያው አጥር ሥር ነው። ነርስ በሽታ ታክማለች እንጂ ቤት አትሰጥም። ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን ያስቸግራል። ነገ ሌላ ሕመም ቢይዛት ከምን ትከፍላለች?

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። መንገድ ዳር የምትነግዱ እህቶቼ፣ በአጠገባችሁ የሚያድሩትን በስም እወቋቸው፤ ሳል፣ ቁስል ወይም እርግዝና ስታዩ ንገሩኝ። ማኅበራችን በቢሮው ለመድኃኒትና ለቀጠሮ ካርድ የሚሆን አንድ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ይስጠን። ደጋፊዎቻችን ደግሞ ጎዳና ላይ ያለች ሴት ስትወልድ ቢያንስ የአራስነት ጊዜዋን የምታሳልፍበት የአንድ ክፍል ኪራይ ቻሉልን።

አራስ ከነልጇ ከጤና ጣቢያ ወጥታ ወደ አጥር ሥር ስትመለስ ማየት ለእኔ ከብዶኛል። ብቻዬን ግን አልችለውም።